«አናቱን ልቁረጠው ወይ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የአውስትራሊያ የዛፍ ፈርን የሚባል ተክል ቤት ውስጥ አለኝ። አሁን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። አናቱን ብቆርጠው ቅርንጫፍ ያወጣል? ከቅጠሉ ጀርባ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። በሽታ ከሆነ ምን ልርጭበት? አበባውንስ መቼ ነው የማየው?

መልስ፦ ኧረ እባክዎ መቀሱን ያስቀምጡት! ይሄ ተክል የሚያድገው ከአናቱ መሐል ብቻ ነው፤ እነዚያ ተጠቅልለው የሚወጡት ለጋ ቅጠሎች ካሉበት ቦታ። እሱን ከቆረጡት አለቀለት፤ እንደ ሌላ ዛፍ ከጎን አያቆጠቁጥም።

ነገሩ፣ ስሙ ዛፍ ይባል እንጂ ዛፍ አይደለም፤ ፈርን የሚባል፣ አበባና ዘር የሌለው የተክል ዓይነት ነው። ግንድ የሚመስለው ቀጥ ብሎ የቆመ የፈርን አካል ነው፣ እንደ ዛፍ እንጨት እየጨመረ አይወፍርም፣ የዕድሜ ቀለበትም የለውም፣ ታችኛውን ክፍል ደግፈው የሚያቆሙት ከግንዱ ላይ ወጥተው የተጠላለፉ ሥሮች ናቸው። ግንዱ ላይ የሚያዩት ሞላላ ጠባሳ የወደቁ ቅጠሎች ቦታ ነው። የደረቁ ቅጠሎችን ቢቆርጡ ችግር የለውም። ግን ጓንት ያድርጉ፤ አናቱና የቅጠሎቹ ግንድ ላይ ያለው ጸጉር መሳይ ነገር ቆዳና ዓይን ያሳክካል።

ነጠብጣቡን በተመለከተ፣ ክብ ክብ ሆኖ በሥርዓት ከተደረደረና ከቅጠሉ ጀርባ ብቻ ከሆነ ምንም አይርጩበት። ተክሉ የሚራባው በሱ ነው። አንድ ቁራጭ ቅጠል ነጭ ወረቀት ላይ አስተኝተው ያሳድሩት፤ የበሰለ ከሆነ ጠዋት ደቃቅ ዱቄት ያገኛሉ። ስፖር የሚባለው እሱ ነው። እዚህም እዚያም የተበታተነ፣ የቅጠሉ ግንድ ላይ ጭምር የተለጠፈ፣ በጥፍር ሲፍቁት የሚነሳ ከሆነ ግን ተባይ ሊሆን ይችላል።

አበባውን አይጠብቁ፤ አበባም ፍሬም ዘርም የለውም። ስፖሩ እርጥብ ቦታ ሲያርፍ መጀመሪያ ከጥፍር የምታንስ፣ ልብ የምትመስል አረንጓዴ ነገር ይሆናል። እሷ ላይ የሚፈጠረው የወንዴ ሴል ወደ ሴቴው የሚደርሰው ውሃ ላይ ዋኝቶ ነው፣ ፈርን እርጥበት የሚወደው ለዚህም ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ ነው እኛ የምናውቀው ፈርን የሚበቅለው።

ቁመቱን ግን መፍትሔ ይፈልጉለት። በትውልድ ቦታው፣ በኩዊንስላንድና በኒው ሳውዝ ዌልስ እርጥብ ደኖች፣ እስከ 15 ሜትር ይደርሳል። ቅጠሉም ሜትሮች ይረዝማል፣ ሳሎን አይችለውም። ውጭ ጥላ ያለበት፣ ደረቅ ነፋስ የማይመታው ቦታ ይስጡት፤ አፈሩ እንዳይደርቅ። አቅራቢያዎ የተፈጥሮ እርጥብ ደን ካለ ግን እኔ ብሆን ውጭ አልተክለውም። ሃዋይ ለግቢ ማስዋቢያ ገብቶ፣ ስፖሩ በነፋስ ደን ውስጥ ደርሶ፣ ሃፑኡ የሚባሉትን የአገሬውን የዛፍ ፈርኖች ቦታ እየነጠቀ ነው።