ዋስ የሚሆናችሁን ሰው አስባችሁ ፈርሙ

በመሥሪያ ቤት ወጪ ልትሠለጥኑ ለተዘጋጃችሁ ልጆቼ፣

በ27 ዓመቴ መሥሪያ ቤቴ ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ውጭ አገር ላከኝ። ስመለስ አምስት ዓመት ላገለግል፣ ቀድሜ ብለቅ ደግሞ የሥልጠናውን ወጪ ልከፍል ፈረምኩ። ዋስ የሆነኝ የእናቴ ወንድም፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበር። የደመወዙን ማስረጃ ይዞ መጥቶ ሲፈርም «ስንት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም መልስ አልነበረኝም፤ ውሉን አላነበብኩትም።

ሦስት ዓመት ከሁለት ወር እንደሠራሁ ክፍለ ሀገር እጥፍ ደመወዝ አገኘሁና መልቀቂያ እንኳ ሳላስገባ ሄድኩ። መጥሪያው መጀመሪያ የደረሰው ለአጎቴ ነው። ከፍርዱ በኋላ ከደመወዙ ሲሶው በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። እኔ የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ፣ ከእናቴ ነው። የቀረውን ዕዳ ወሰድኩ፤ የተቆረጠበትንም መለስኩለት። አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ብዙዎቻችሁ «የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ከሰጠሁ ማን ይጠይቀኛል?» ትላላችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ ሳይሰጥ ቢወጣ የሚጠየቀው ካሳም ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። የሥልጠና ግዴታ ግን ሌላ ውል ነው፤ ማስጠንቀቂያው አይሽረውም። አምስት ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ ለሚለቅ የሚሰጠውን የሥራ ስንብት ክፍያ እንኳ ሕጉ የሚፈቅደው ከሥልጠና ጋር የተያያዘ ግዴታ ለሌለበት ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ወጪ የሚባለው የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው ወይስ ቲኬቱ፣ አበሉ፣ በሥልጠና ላይ ሳላችሁ የተከፈላችሁ ደመወዝም ይቆጠራል? ያገለገላችሁበት ጊዜ ከዕዳው ይቀነሳል? የእኔ ውል አይቀንስም ነበር፤ ሦስት ዓመቴ እንዳልነበረ ተቆጠረ። በከፊል ለተፈጸመ ግዴታ ፍርድ ቤት መቀጮን መቀነስ እንደሚችል ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

የሁለት ቀን የሥራ ማስተዋወቂያን «ሥልጠና» ብለው ወጣት የሚያስሩ አሠሪዎች አሉ። ይህን እቃወማለሁ፤ እንዲህ ያለ ውል ሲቀርብላችሁ ወጪው በዝርዝር ይጻፍልኝ በሉ። በእውነት ገንዘብ አውጥቶ ያሠለጠናችሁን ግን ሸሽታችሁ አትውጡ። በጽሑፍ አሳውቁ፣ ሒሳባችሁን አሠርታችሁ ተቀበሉ፣ በየወሩ ልትከፍሉ ተስማሙ። እኔ በጠፋሁ ማግስት ለሥልጠና ተራ ይጠብቅ የነበረ የሥራ ባልደረባዬ ጉዞው ተሰረዘበት።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዋስ ሁነኝ» ብላ መጣች። ቁጭ ብለን ውሉን እስከ መጨረሻው አነበብነው። ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ይህ መጠን ያልተገለጸበት የዋስትና ውል እንደማይጸና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ይደነግጋል። እሷ ግን ዋስትናው ፈራሽ እንዲሆን አልፈለገችም፤ እኔም አልፈለግሁም። መልሳ ወስዳ መጠኑን አስጻፈችና፣ በየዓመቱ የሚቀነሰውንም አስጨምራ ሐሙስ ዕለት ተመለሰች። ቁጥሩን ሁለቴ አነበብኩት፤ ከዚያ ፈረምኩላት።