ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ልግባ ወይ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ልጆች፣ ከጎጃም

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርስ፣ ሀብት ከፈለጋችሁ ራዲዮሎጂ ግቡ፣ እኔ አልቀየማችሁም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ማስተማር የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ በፊት ውጪ ሄዶ መማር ነበር፣ እና እኔ ይሄን ስመርጥ ዘመድ ሁሉ "የእብድ ሐኪም ልትሆኚ?" ብሎ ለቅሶ የደረሰ ያህል ነው ያዘነልኝ። አሁን ያ ቀንሷል። የነፍሰ ጡርና የአራስ እናቶች የአእምሮ ሕመም ላይ መስራት ግን አሁንም የሚፈልገው ሰው ትንሽ ነው።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር ይሄ ነው፣ በሽተኛዋ ወደ እናንተ አትመጣም። ጎጃም ውስጥ አራስ ሴት ከፍቶኛል ብላ ሳይካትሪ ክሊኒክ ስትመጣ ብዙም አላየሁ፣ የምትመጣው ወይ ከጠበል መልስ ነው ወይ ደግሞ ራሴን፣ ወገቤን፣ ልቤን ያፍነኛል ብላ ሌላ ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ነው። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶታል፣ ገንፎው ቀርቧል፣ የገባው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይላል፣ እዚያ መሀል ተኝታ ልጁን ሳየው ምንም አይሰማኝም ብትል ማን ይሰማታል? ጡር ነው ነው የሚሏት። ስለዚህ ዝም ትላለች።

ስለዚህ ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። የ45 ቀን ክትባት የሚሰጥ ቀን ሂዱና ከሚድዋይፎቹ ጋር ተቀመጡ፣ እዚያ ሰልፍ ላይ ያገኛችኋትን እናት ሌላ ቦታ አታገኟትም። የወሊድ ድብርትን ለመለየት የኤዲንብራ መጠይቅ የሚባል አለ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ 10 ጥያቄ ብቻ፣ ማንበብ ለማትችለው እናንተ ታነቡላታላችሁ፣ ግን አማት አጠገቧ ቁጭ ብለው አይሆንም፣ በተለይ 10ኛው ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው አማት እየሰሙ ከሆነ መልሱ ሁሌም "ኧረ በማርያም!" ነው። እማማ እስቲ ልጁን ይያዙልንና ክብደቱን ያስመዝኑ በሏቸውና በሩን ዝጉ።

እኔ ከመጠይቁም በፊት የምጠይቃት እንቅልፍ ነው። "ልጁ ሲተኛ አንቺ ትተኛለሽ?" ነው የምላት። ልጅ እየቀሰቀሳት ያልተኛችማ ሁሉም አራስ ናት፣ ልጁ ተኝቶ፣ ቤቱ ጭር ብሎ፣ እሷ ግን ጣራ ጣራ እያየች የምታነጋ ከሆነ እዚያ ጋ ቆም በሉ። እንቅልፍ አያሻኝም ብላ ሌሊት ቤት የምትጠርግ፣ ወሬዋ የተዘበራረቀ፣ ልጁን የኔ አይደለም ለውጠውብኝ ነው የምትል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ከ1000 ወላዶች 1 ወይ 2 ላይ የሚመጣው ሳይኮሲስ፣ ከእውነታ የሚያወጣው ሕመም ነው፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይጀምራል፣ ድንገተኛ ነው፣ ቀጠሮ አይሰጠውም። እና ልጆች፣ ሳይካትሪስት ሆናችሁ ማለት ቴርሞሜትር ጣላችሁ ማለት አይደለም፣ ትኩሳቷንና ደም ግፊቷን እዩ፣ የማህፀን ኢንፌክሽንም ኤክላምፕሲያም (ከእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣው መንቀጥቀጥ) ሰው ያስቀባዥራል፣ እሱን ሳታዩ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የሳይኮሲስ መድኃኒት ወግታችሁ ብታስተኟት ዝም ስላለች ተሻላት ትሏታላችሁ።

ከጠበል ጋር አትጣሉ። ትጠመቅ፣ ግን መድኃኒቷን እየዋጠች፣ እየበላች፣ እያጠባች ነው የምለው፣ እሱንም ብዙ ጊዜ የንስሐ አባቷ እንዲነግሯት አደርጋለሁ፣ ከኔ ይልቅ ከሳቸው ትሰማለች።

መድኃኒት ላይ አንድ ነገር አደራ የምላችሁ ቫልፕሮት ነው፣ ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር (ስሜት ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም) የሚሰጠው። መውለድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ አትጻፉላት፣ በእርግዝና ወቅት ከወሰዱት እናቶች ልጆች ከ100ው 10 ገደማው አካላቸው ላይ ችግር ይዘው ይወለዳሉ፣ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ አድገው ንግግርና ትምህርት ላይ ይቸገራሉ። እሷ 19 ዓመቷ ነው፣ ገና አላገባችም ትሉኛላችሁ፣ የኛን አገር ሰርግ ረሳችሁት እንዴ፣ ጥር ሲመጣ ታገባለች። በሌላ በኩል ነፍሰ ጡር ሆነች ብሎ መድኃኒቱን ሁሉ በአንድ ቀን ማስቆምም አለ፣ ይሄንን የሚያደርጉት ቤተሰቦቿ ብቻ አይደሉም፣ እኛው ሐኪሞቹ ነን። ሰርትራሊን የመሰለው የድብርት መድኃኒት እኮ ወደ ጡት ወተት የሚገባው በጣም ትንሽ ነው፣ መርጣችሁ ስጧት እንጂ ከመድኃኒቱና ከልጁ አንዱን ምረጪ አትበሏት።

አንዴ በወሊድ ሳይኮሲስ የታመመች እናት ድና ስትወጣም ፋይሉን አትዝጉ፣ በሚቀጥለው ወሊድ ከ3 ገደማ በ1ዷ ይመለሳል። ይሄን ካርዷ ላይ በትልቁ ጻፉት፣ ባሏን ለብቻው ጠርታችሁ ንገሩት፣ ድጋሚ ስታረግዝ ቀኗ ሳይደርስ እንድትመጣ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ተነጋገሩ፣ ከወለደች በኋላ ባሉት ሌሊቶች ልጁን ማን እንደሚይዝላት እዚያው ይወሰን፣ ስልካችሁንም ለባሏ ስጡት፣ ሌሊት ይደውላል።