ከቆዳ ስር የሚቀበሩ መድኃኒቶች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ክንድ ላይ ስለሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ናቸው። እሱ ላይ ረዘም አድርገን፣ ሌሎቹን አጠር አድርገን እንመልሳለን።

ኢምፕላኖን ካስገባሁ አራት ወሬ ነው። ደሙ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ አንዳንዴ አሥር ቀን ይቆያል። ጎረቤቶቼ «ማህፀንሽን ሳያበላሸው አስወጪው» ይሉኛል። (ከደብረ ብርሃን)

ማህፀን አያበላሽም። ክንድዎ ውስጥ ያለው 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንግ ነው፤ 68 ሚሊ ግራም ኢቶኖጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ይዟል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ60 እስከ 70 ማይክሮ ግራም ይለቃል፤ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ከ25 እስከ 30 ወደሚሆን መጠን ይወርዳል። ኢስትሮጅን ስለሌለው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ስስ ሆኖ ይቀርና ጊዜውን ሳይጠብቅ ይደማል። ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ደግሞ ደሟ ጭራሽ ይቀራል። እሷንም ጎረቤት «ደሙ ውስጥሽ እየተጠራቀመ ነው» ይላታል። የሚፈስ ሽፋን አልተሠራም እንጂ የተጠራቀመ ነገር የለም።

ደሙ ካስቸገረዎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። እርግዝናና የማህፀን ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከተጣራ በኋላ የተለመደው ኢቡፕሮፌን 800 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለ5 ቀን ነው። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ ግን አይሆንም። ያ ካልሠራና የደም ግፊትዎ ደህና ከሆነ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ለ21 ቀን ሊታዘዝልዎ ይችላል። መፍትሔው ጊዜያዊ ነው፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ደሙ ሊመለስ ይችላል።

አልስማማኝ ካለዎት ደግሞ ያስወጡት። «ዓመት ሳይሞላው አይወጣም» የሚል ሕክምናዊ ምክንያት የለም፤ እንዲህ የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ ሌላ ጋ ይሂዱ። ዘንጉ በወጣ በሳምንት ውስጥ ሆርሞኑ ከደም ስለሚጠፋ፣ ማርገዝ ካልፈለጉ በዚያው ቀን ሌላ መከላከያ ይጀምሩ።

ክንዴ ላይ ሁለት ዘንግ ያለው ጃዴል የሚባለው መከላከያ አለኝ። አሁን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀመርኩ። ይጋጫሉ እንዴ? (ከጎንደር)

አዎ፣ ይጋጫሉ። ጥፋቱ ከነቀርሳ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው የሪፋምፒሲን ነው። ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ እንዲያፈርስ ያደርገዋል፤ ከዘንጉ የሚወጣው መጠን ደግሞ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሚተርፍ ነገር ላይኖር ይችላል። የነቀርሳውን መድኃኒት ግን በጭራሽ አያቋርጡ። ሕክምናውን እስኪጨርሱና ከዚያም በኋላ ለ4 ሳምንት ኮንዶም ይጨምሩ፤ ካልሆነ በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ወይም ሆርሞን የሌለውን የመዳብ ሉፕ ይጠይቁ። በሪፋምፒሲን ምክንያት ሁለቱም አቅማቸው አይቀንስም።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ ኤፋቪሬንዝ እንደዚሁ ያደርጋሉ። ዶሉቴግራቪር አያደርግም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚሰጠው ባለሙያ ስለ ክንድዎ ላይጠይቅዎ ስለሚችል ራስዎ ይንገሩት።

ከአገር ከወጣሁ አራት ዓመት አለፈኝ። ክንዴ ላይ ያለው የሦስት ዓመቱ ነው። ይመርዘኝ ይሆን? ስዳስሰውም አላገኘውም። (ከሪያድ)

አይመርዝዎትም። የሚለቀው ሆርሞን እያነሰ ይሄዳል እንጂ ፕላስቲኩ አይበሰብስም። ከተጻፈው ጊዜ አልፎም እንደሚሠራ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ይሁንና የሚያማክርዎ ባለሙያ እስኪያገኙ ጊዜው እንዳለፈ ቆጥረው ኮንዶም ይጠቀሙ።

የሚያሳስበው አለመዳሰሱ ነው። በጀርባዎ ተኝተው ክርንዎን ያጥፉና እጅዎን ከራስዎ ስር ያድርጉ። ከዚያ የክንድዎን ውስጠኛ ጎን፣ ከክርን አጥንት ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይፈልጉ። ካልተገኘ ጠልቆ ገብቶ ወይም ክብደትዎ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ ያለበት ቦታ በምስል ሳይታወቅ ማንም እንዲቀድዎት አይፍቀዱ፤ በአካባቢው የክንድ ዋና የደም ሥርና ወደ ትንሿ ጣት የሚወርድ ነርቭ አሉ። አዲሱ ኢምፕላኖን ኤንኤክስቲ ባሪየም ስላለው በራጅ ይታያል። የድሮው በራጅ ስለማይታይ፣ ለቆዳ ቅርብ ነገር የሚያሳይ ባለ ከፍተኛ ድግግሞሽ አልትራሳውንድ ይፈልጋል። አልፎ አልፎ ዘንጉ ደም ሥር ገብቶ እስከ ሳንባ የሄደበት ሁኔታ ስላለ፣ ክንድ ላይ ካልታየ ደረትም ይነሣል።

የሚዳሰስ ከሆነ ማውጣቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በክርን በኩል ባለው ጫፍ ስር ማደንዘዣ ይወጋል፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀደዳል፣ ሌላው ጫፍ ሲገፋ ዘንጉ ብቅ ይላል። ከወጣ በኋላ ሙሉ 4 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ይለካ፤ ተቆርጦ የቀረ ሊኖር ይችላል። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢምፕላኖን እንዲቀብሩ ሲሠለጥኑ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ነበር የተተወው። የሚከብደውም እሱ ነው። ወደ ውጭ የምትሄዱ እህቶች የተቀበረበት ቀንና ዓይነት የተጻፈበትን ካርድ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።

ለአባቴ የፕሮስቴት ካንሰር በየ28 ቀኑ እምብርቱ ስር ትንሽ ፍሬ ይቀበርለታል። የድሮዎቹ መቼ ይወጣሉ?

አይወጡም። ጎሰረሊን የያዘው 3.6 ሚሊ ግራሙ ፍሬ ራሱ ሟሙቶ ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቴስቶስቴሮን ከመውረዱ በፊት ከፍ ስለሚል የአጥንት ሕመም ሊባባስ ይችላል፤ ለዚህ ነው አብሮ እንክብል የሚታዘዘው። እግሩ ከደከመ ወይም ሽንት አልወጣ ካለው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይውሰዱት። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነም መርፌው ወፍራም ነውና አስቀድመው ይናገሩ።

የእናቴ ኬሞ አልቋል፤ ደረቷ ላይ ከቆዳ ስር የተቀበረው፣ መድኃኒት ወደ ደም ሥር የሚገባበት ፖርት ግን እንዲቆይ ተባለ። እንዴት ይያዛል?

ባይሠራበትም ውስጡ በየጊዜው በመርፌ በሚገባ ፈሳሽ መታጠብ አለበት፤ እንደ ሆስፒታሉ ደንብ ከ4 እስከ 8 ሳምንት አንዴ። ሁበር የሚባለው መርፌ የግድ ነው። ተራ መርፌ የጎማውን ክዳን እየቦረቦረ እንዲያፈስ ያደርገዋል። ስሪንጁም ከ10 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም፤ ትንሽ ስሪንጅ የሚፈጥረው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ ቱቦውን ሊሰነጥቅ ይችላል። መጀመሪያ ደም መመለሱ ይታያል፤ እምቢ ካለ እጇን ከፍ ታድርግ፣ ትሳል፤ በኃይል መግፋት ግን አይገባም። ከታጠበ በኋላ ብርድ ብርድ ብሏት ካተኮሳት ፖርቱ ተመርዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። አንገቷ ወይም ክንዷ ካበጠም እንደዚሁ፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

አባባ ሆዳቸው ውስጥ ባክሎፌን (የጡንቻ ግትርነትን የሚያላላ መድኃኒት) የሚለቅ ፓምፕ አላቸው። አዲስ አበባ ሁለት ወር መቆየት ይፈልጋሉ። (ከሜሪላንድ)

ከትኬቱ በፊት ፓምፑ የሚያልቅበትን ቀን ከክሊኒኩ በጽሑፍ ይቀበሉ። ከመመለሻው ቀን በኋላ ካልሆነ ከጉዞው በፊት ይሞላ፤ አዲስ አበባ የሚሞላልኝ አገኛለሁ ብለው አይነሱ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ መጀመሪያ ሽፍታ የሌለው ማሳከክ ይመጣል፣ ግትርነቱ ይመለሳል፣ ከዚያ ትኩሳትና መቃዠት ይከተላል። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ድንገተኛ ነው። ስለዚህ ለክፉ ቀን የሚዋጥ ባክሎፌንና አወሳሰዱን ከሐኪማቸው ይጠይቁ። ፓምፑ ቢጮህ ያልፋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለክሊኒኩ ደውሉ። የፓምፑን ካርድም ለኤርፖርት ፍተሻና ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ሊያነሣ ለሚችል ሐኪም በእጃቸው ይያዙ። ማግኔቱ ሞተሩን ለጊዜው ስለሚያቆመው፣ ከምርመራው በኋላ መልሶ መሥራቱን በመሣሪያ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል።