መልስ፦ ከሦስቱ የዶሜን ስሞች የቱን ልምረጥ?

ለድረ ገጽህ አድራሻ (ዶሜን ስም) ካሰብካቸው ሦስት ስሞች አንዱ ረጅም፣ አንዱ መሃሉ ላይ ሰረዝ ያለው፣ አንዱ ደግሞ በ4 ቁጥር የሚጀምር ነው ብለሃል። እኔ ብሆን ረጅሙን አሳጥሬ እወስዳለሁ። ሁለቱን ተዋቸው።

እስቲ ስሙን ለጓደኛህ በስልክ ንገረው። ሳትደግምለት በትክክል ከጻፈው አለቀ። "አራቱ በፊደል ሳይሆን በቁጥር ነው" እያልክ ማስረዳት ከጀመርክ ግን ነገሩ ተበላሸ። ደሊሽየስ ይባል የነበረው ድረ ገጽ እንኳ ስሙን በነጥብ ቆራርጦ (del.icio.us ብሎ) ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ተራው ዶት ኮም ዞሯል።

ትልቁ ጣጣ ያለው የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ስትጽፍ ነው። "ቀለም"ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጀምረዋል። "ፀሐይ"ማ ይቅርብህ! ቲ ኤስ ነው ቲ ዜድ? ሳድስ ፊደልም እንዲሁ ያወዛግባል። "ብርሃን" ሲባል ከቢ ቀጥሎ አይ የሚያስገባ አለ፣ ኢ የሚያስገባ አለ፣ ጭራሽ ምንም የማያስገባም አለ። ስለዚህ ካዕብና ራብዕ የበዛበትን ቃል ፈልግ። "ቱባ"ን ወይም "ዳና"ን ማን ይሳሳታል? (ምሳሌ ነው፣ ተይዘው ሊሆን ይችላል።)

ርዝመቱን በተመለከተ ከነጥቡ በፊት እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል። አንተ ግን ከ12 አትለፍ። የግድ አሻሚ ቃል ከወደድክ ሁለቱንም አጻጻፍ ግዛና አንዱን የጻፈ ሰው በራሱ ወደ ሌላው እንዲሄድ አዙረው። ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ስሙ የሌላ ድርጅት የንግድ ምልክት አለመሆኑን አጣራ።