አሜባ ነው ሲባል ለኖረ ሆድ፦ ስለ አንጀት መቆጣት ጥያቄና መልስ

ባህር ዳር የምሠራ ነርስ ነኝ። አይቢኤስ ከሚሉት የአንጀት መቆጣት ጋር መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር ሰገራ እመረመራለሁ፣ አሜባ ነው ይሉኛል፣ ሜትሮኒዳዞል እውጣለሁ። ለሳምንት ይሻለኝና ተመልሶ ይመጣል። ዘንድሮ አምስተኛዬ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት። አሜባና ጃርዲያ እኛ አገር በእርግጥ አሉ፤ ሲገኙም መታከም ግድ ነው። ችግሩ፣ ተራው የማይክሮስኮፕ ምርመራ በሽታ የሚያመጣውን አሜባ ከማያመጣው ዘመዱ አይለይም። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሮም 4 የተባለ መመዘኛ እንዲህ ይላል፦ የሆድ ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር ያለፈው፣ ባለፉት 3 ወራት በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የተመላለሰ፣ ከመጸዳዳት፣ ከሰገራ መልክ መለወጥና ከምልልሱ መለወጥ ቢያንስ ከሁለቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ አይቢኤስ ይጠረጠራል። ከባድ ተቅማጥ ከያዛቸው ከአሥሩ የአንዱ ያህል፣ ጀርሙ ከጠፋ በኋላም አንጀቱ እንደተቆጣ ይቀራል። ያኔ መድኃኒቱ የሚገድለው ነገር የለም። ስድስተኛውን ከመዋጥሽ በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ የአምስቱንም ጊዜ ታሪክ ንገሪ።

ጥያቄ፦ ወደ ካንሰር ይለወጣል?

መልስ፦ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ጾም ሲገባ ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል። ሽሮ ልተው?

መልስ፦ ከሽሮው ይልቅ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽንኩርቱን ነው። ቀይም ነጭም ሽንኩርት ትንሹ አንጀት የማይፈጨው ስኳር አለው፤ ሽምብራ፣ አተርና ባቄላም የየራሳቸው አላቸው። ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያ ያብላላቸውና ጋዝ ይሆናሉ። ጋዙ ጤነኛ ሰውም ሆድ ውስጥ አለ፤ የእኛ አንጀት ግን ትንሽ ሲወጠር ያመዋል።

ይህ የሽንኩርት ስኳር በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ እኔ ዘይቱን አሞቅና ነጭ ሽንኩርቱን ሳልከትፍ፣ ፍልቃቂውን ለሁለት ብቻ ከፍዬ እጥልበታለሁ። ጠርዙ ወርቃማ ሲል አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣዋለሁ። ቤቱ በመዓዛው ይሞላል፣ ጣዕሙም ዘይቱ ላይ ይቀራል፤ ድንቹንና ካሮቱን በዚያ እሠራለሁ። ምስር ስቀቅል ውኃውን እደፋለሁ። ሽሮም አልተውኩም፤ በትንሹ እበላለሁ። የጤፍ እንጀራ ለብዙዎቻችን ይስማማል፤ ስንዴ ወይም ገብስ ከተቀላቀለበት ግን ልብ በል። በፍስክ የጣና ቆሮሶ ዓሣ እነዚህ ስኳሮች ስለሌሉበት አይነፋም፤ ወተት ካስቸገረህ ለብቻው ፈትነው። የጠረጠርከውን ምግብ ለአራት ሳምንት ያህል ትተህ አንድ በአንድ መልስ። ሁሉንም ለዘለዓለም መተው ሰውነትን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ነው የምሠራው። ሰገራዬ ላይ ደም አያለሁ። ይህም አይቢኤስ ነው?

መልስ፦ አይቢኤስ ደም አያመጣም፤ ነገ ሳትል ሐኪም ጋ ሂድ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ከውኃው በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል፣ አለ፤ እግርህ ውኃ ውስጥ የሚውል ከሆነ ይህንኑ ተናገር፣ መድኃኒት አለው። ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ ደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ሕመምም ሳይመረመር አይታለፍ።

ጥያቄ፦ እናቴ ተልባ ጠጪ ትለኛለች።

መልስ፦ ድርቀት ካለሽ ልክ ናቸው። በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አትለፊ፣ ውኃም በደንብ ጠጪበት።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ‹‹ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው›› አለኝ።

መልስ፦ ይህ አነጋገር ያሳዝነኛል። ቁስል አልተገኘም ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው፤ ጭንቀት ያባብሰዋል፣ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ሐኪም በትንሽ መጠን የሚያዘው አሚትሪፕቲሊን ለብዙዎች ይረዳል። ለድብርት የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ አትሸማቀቅ፤ እዚህ የሚሰጠው የአንጀቱን ነርቭ ለማርገብ ነው።

ጥያቄ፦ ለሠርግ ደብረ ታቦር ልሄድ ነው። መንገድ ላይ ቢይዘኝስ?

መልስ፦ ምግብ ሲገባ አንጀት ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ከመነሳትህ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለህ ጥቂት ቁርስ ብላ፣ ቡናውን ለማታ አቆየው። ተቅማጥ የሚገታው ሎፔራማይድ ይስማማህ እንደሆነ ፋርማሲ ጠይቅ። ደግሞም ሳትሳፈር ረዳቱን ጠጋ ብለህ ‹‹ሆዴን ያመኛል፣ ልታቆሙልኝ ትችላላችሁ›› በለው። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ፤ እስካሁን የመለሱልኝ ‹‹ብቻ ቀደም ብለሽ ንገሪን›› እያሉ ነው።