ገንዳው ፎቅ ከመውጣቱ በፊት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለቡ የምንሠራው ጂ ፕላስ ዋን ቤት ፊኒሺንግ ላይ ደርሷል። ልጅ ሆኜ ፒያሳ አያቴ ቤት የታጠብኩበትን ዓይነት ባለ አራት እግር የብረት ገንዳ ፎቅ ላይ ማስገባት እፈልጋለሁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ 1.70 ሜትር የሚረዝም አግኝቻለሁ። ባለቤቴ ግን ቅርጹ ያው የሆነ የአክሪሊክ (ቀላል ፕላስቲክ) እንግዛ ይላል። ክፍሉ 2.10 በ1.80 ነው፤ ሴራሚክ ገና አልተነጠፈም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሴራሚኩ ሳይነጠፍ መጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ለፎቁ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። የድሮው ገንዳ ባዶውን 140 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። 180 ሊትር ውሃ ተሞልቶ አንቺ ስትገቢበት ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ያ ሁሉ የሚያርፈው የሲኒ አፍ በሚያክሉ አራት እግሮች ላይ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ከሴራሚኩ ሥር ሞርታር በደንብ አልተሞላም ነበርና፣ ገንዳው መጀመሪያ በተሞላ ዕለት የኋላ እግሩ ያረፈበት ሴራሚክ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሲሰነጠቅ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። አክሪሊክም ብትገዢ ሴራሚኩ ሲደርቅ በሳንቲም አንኳኪው፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው ተነስቶ እንደገና ይለጠፍ። ብረቱን ካልሽ ግን መጀመሪያ ሶሌታውን (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) ያሰላውን መሐንዲስ ጠይቂ።

ርዝመቱ 1.50 ይበቃሻል። 1.70ው በሁለቱ ጫፍ 20 20 ሳንቲሜትር ብቻ ነው የሚተውልሽ፤ እዚያ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መወልወል ጭንቅ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። 50 ሊትር ቦይለር በደንብ ግሎ ከቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል ለብ ያለ 100 ሊትር ቢሰጥሽ ነው፤ ገንዳውን ከግማሽ ብዙም አያሳልፈውም። ስለዚህ ቢያንስ 80 ሊትር አስገቢ። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ደግሞ አንድ ጊዜ መታጠብ ከ1,000 ሊትር ሮቶ አንድ አምስተኛውን ሊወስድ እንደሚችል አስቢበት።

የአያትሽ ቤት ትዝታ ግን እንዲሁ አይቅር። ብረት አንዴ ከሞቀ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ አክሪሊክ ያንን ስሜት አይሰጥሽም። ምድር ቤት ሁለተኛ መታጠቢያ ካለሽ ብረቱን እዚያ አስቀምጪው። ከመክፈልሽ በፊት ውስጡን በመዳፍሽ ዳብሺ፤ ከሻከረ ወይም ዝገት ከታየ ኢናሜሉ (ብረቱን የሸፈነው የሚያብረቀርቅ ልባጥ) አልቋል። የድሮ ኢናሜል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃናት የሚታጠቡበት ከሆነ መጀመሪያ አስለብጪው።

የፍሳሹን ቀዳዳ ቦታ ቧንቧ ሠራተኛው በግምት እንዳይተው። የፍሳሹ ቧንቧ፣ ገንዳው ቤት ገብቶ በእጃችሁ ከተለካ በኋላ ብቻ ይቀበር።