ስለ ተክል ተባይ ጠይቁኝ፣ ግን መጀመሪያ የቅጠሉን ጀርባ እዩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጽጌረዳዬ እምቡጥ ላይ አረንጓዴ ጥቃቅን ነገር ተከምሯል፣ ቅጠሉም እጅ ላይ ይጣበቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ክሽክሽ ነው። የሚጣበቀው ከሱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። እስቲ ግንዱን እዪው፣ ጉንዳን ይመላለሳል አይደል? ለዚያ ፈሳሽ ብሎ ክሽክሹን ይጠብቃል፣ ሊበሉት የሚመጡትን ነፍሳት ያባርራል። ስለዚህ ከጉንዳኑ ጀምሪ። ግንዱ ላይ ፕላስተር ጠምጥሚና ላዩን ቫዝሊን ቀቢው፤ ግድግዳ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጪ፣ አለዚያ በዚያ ይሻገራል። ከዚያ ክሽክሹን በውሃ ግፊት አራግፊው። ለቀረው 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አላልኩም! ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ዋጋ የለውም፤ የቅጠሉን ጀርባ ካልረጨሽ ደከምሽ እንጂ አልሠራሽም። ፀሐይ ስትበርድ ርጪ። አንድ ቅጠል ላይ ሞክረሽ እስከ ነገ ጠብቂ። በሳምንቱ ድገሚው፣ ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትወልድ ጥቂት ከቀሩ ቶሎ ይሞሉታል።

ጥያቄ፦ ተክሌ ታሟል፣ ምን ይሻለዋል?

መልስ፦ የቱ ተክል? ምኑን? የቅጠሉን ጀርባ አይተህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ አባጨጓሬ ጎመኔን ጨረሰው። ሳሙና ንቅንቅ አላደረገውም።

መልስ፦ አያደርገውም። በእጅ ልቀም። ከበዛብህ ቢቲ የሚባል ቅጠል ላይ የሚረጭ ባክቴሪያ አለ፤ አባጨጓሬው ሲበላው ነው የሚሠራው፣ ያውም ገና ትንንሽ ሳሉ። ወዲያው አይሞቱም፣ መብላት ያቆማሉ።

አንድ አባል፦ ምን ያደክማችኋል፣ የትምባሆ ውሃ ርጩና ተገላገሉ!

ሌላ አባል፦ ኒኮቲን እኮ መርዝ ነው ወንድሜ።

አንድ አባል፦ ከተክል የመጣ አይደል እንዴ? አባቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖሩ፣ ማን ሞተ?

መልስ፦ ከተክል መጣ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ኒኮቲን በቆዳም ይገባል። ቲማቲም ላይ ደግሞ ውሃው የትምባሆ ሞዛይክ የሚባል ተክል የሚያሳምም ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል። እዚህ ትምባሆ አታንሱብኝ።

ጥያቄ፦ ለክሽክሽ ሳሙናው ስንት ነበር?

መልስ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ከላይ አለ። ጀርባውን፣ ፀሐይ ስትበርድ።

ጥያቄ፦ ክሽክሹ መሃል ጥቁር፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው እሾሃማ ትል አየሁ። ልጨፍልቀው?

መልስ፦ እንዳትነኪው! የዚያች ነጠብጣባም ቀይ ጥንዚዛ እጭ ነው፤ ክሽክሽ ነው የሚበላው። ለጊዜው ሳሙናውን አስቀምጪ፣ እሱንም ይገድለዋል።